በጋሞ ደጋና ቆላ የቤተ ሰብ ጥሪት የሚቀመጥበት ልማድ

ሰው ሁሉ ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። የሚያስቀምጥበት ስፍራ ግን እንዳገሩ አየር፥ እንደ ሕጉና እንዳለፈበት ታሪክ ልዩ ልዩ ነው። የአውሮፓ ሕዝቦች ጎረቤታሞች ሲሆኑ፥ ልብሳቸው አንድ ዓይነት ሲሆን፥ ብዙዎቹም በአንድ ገንዘብ ሲገበያዩ፥ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩበት መንገድ እጅግ የተራራቀ ነው። በጀርመን አገር እኩሌታ የሚሆነው ቤተ ሰብ በኪራይ ቤት ይኖራል፥ ያተረፈውንም በባንክ ያኖራል። በሮማንያ ግን ከመቶ ሰው ከዘጠና የሚበልጠው በገዛ ቤቱ ይኖራል። የዴንማርክ ሰው ቤቱን አስይዞ ብዙ ይበደራል፤ የኢጣልያ ሰው ቤት መግዛትን ይወዳል፥ ዕዳን ግን ይፈራል። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 የየአገሩን ቤተ ሰብ ሀብት አስመርምሮ ባስታወቀ ጊዜ፥ በመካከለኛ ደረጃ ያለው የጀርመን ቤተ ሰብ ሀብት ከኢጣልያውና ከእስፓኙ አንሶ ቢገኝ ብዙ ሰው ተደነቀ። ነገር ግን በዚያ ሒሳብ የመኖሪያ ቤት ዋጋ ሲገባ፥ መንግሥት ለሽማግሌው የሚከፍለው ጡረታ አልገባም ነበር። ስለዚህ የጀርመኑ ሀብት ከፊሉ የተቀመጠው ቆጣሪው ባልተመለከተበት ስፍራ ነው።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከተናል። ግብር የሚያስገባውም ሹም፥ ብድር የሚሰጠውም የባንክ ሠራተኛ፥ ለተቸገረ እርዳታ የሚያከፋፍለውም ጸሐፊ፥ የሰውን ኑሮ የሚመዝነው እርሱ ራሱ በለመደው ሚዛን ነው። ሚዛኑ ካገር አገር እንዴት እንደሚለወጥ ለማየት የወደደ ሰው ወደ አውሮፓ መሻገር አያሻውም። ባንድ ቀን ጉዞ ቆላውንም ደጋውንም የሚያሳይ አገር አለን፤ እርሱም ጋሞ ነው።

አርባ ምንጭ ካዲስ አበባ በስተ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ስሟን ያገኘችው ከከተማዋ በታች ባለው ጫካ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ላይኛው ሰፈር ሸቻ፥ ታችኛው ሲቀላ ይባላል። በሸቻ ዳር ቆሞ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው በግራው ውኃው የደፈረሰውን አባያን፥ በቀኙ ሰማያዊውን ጫሞን ያያል፤ በመካከላቸው ያለው ኮረብታም የእግዜር ድልድይ ይባላል። ቀድሞ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በደጋው ላይ ያለችው ጨንቻ ነበረች፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም ግን መንግሥት መቀመጫውን ወደ ቆላ አወረደና አርባ ምንጭ ተቆረቆረች። ዛሬም የጋሞ ዞን ዋና ከተማ እርስዋ ናት።

ካርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከፍታው ግን ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ2,700 ሜትር በላይ ይወጣል። ጧት በሲቀላ በሸሚዝ ብቻ የነበረ መንገደኛ፥ ቀትር ሳይሆን በጨንቻ ጉም ውስጥ ጋቢውን ይደርባል። መኪናው ጥምዝምዙን መንገድ ሲወጣ የሙዙ ተክል ይቀርና ቀርከሃ ይጀምራል፤ ከቀርከሃውም ጋራ እንሰት።

የጋሞ ደጋ ሰው ሀብት እንሰት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ከሩቅ ለተመለከተው ቤቱን የከበበ አረንጓዴ አጥር ይመስላል፤ ቀርቦ ላየው ግን በዕድሜ ተለይቶ የተተከለ፥ ተራውን የሚጠብቅ ጥሪት ነው። ችግኙ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው እየተዛወረ ያድጋል፤ ለመድረስም እንደ ዓይነቱና እንደ ከፍታው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ጤፍና ገብስ የመከር ቀን አላቸው፤ ቀኑ ካለፈ ይረግፋሉ። እንሰት ግን ቀን አያስገድደውም። ዘንድሮ ካልተፈለገ ለከርሞ ይቆማል፥ ቆሞም ይወፍራል። ዝናም ቀርቶ እህል ሲጠፋ ተቈርጦ ቤተ ሰቡን ይመግባል። ባገራችን 20 ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ ኑሮውን በዚህ ተክል ላይ አድርጓል።

ተክሉን መትከልና ማዛወር በብዙ ስፍራ የወንዱ ሥራ ሲሆን፥ ሲደርስ ግን ነገሩ ወደ እመቤቲቱ እጅ ይገባል። ሴቶች ተሰብስበው ግንዱን ይፍቃሉ፥ ሥሩን ይከታትፋሉ፤ የተፋቀውም በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በጉድጓድ ይቀበርና ይቦካል፤ ቆጮ የሚባለው ይህ ነው። ከውኃው የሚዘቅጠው ነጩ ዱቄት ቡላ፥ የተቀቀለው ሥር አምቾ ይባላል፤ ቃጫውም ለገመድ ይሸጣል። በወንጌል ምሳሌ መክሊቱን በመሬት የቀበረው አገልጋይ ተወቀሰ፤ የጋሞ እመቤት የቀበረችው ግን በጉድጓዱ ውስጥ ሲሰነብት ይጣፍጣል እንጂ አይወቀስም። ጉድጓዱ ስንት ወር እንደሚያበላ የምታውቅም፥ የምትከፍተውም እርስዋ ስለሆነች፥ የቤቱ ገንዘብ ያዥ ማን እንደ ሆነ ለመጠየቅ ወደ ባልየው የሚሄድ እንግዳ በር ስቷል።

በዶርዜ አንዲት አረጋዊት ሴት በጓሮአቸው ስንት እግር እንሰት እንዳለ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ የልጆችን ራስና የእንሰትን ግንድ ቆጥሮ የሚናገር የለም» ብለው ሳቁ። እኔም፥ «እማማ፥ እንግዲያስ በቂ መሆኑን በምን ያውቃሉ?» አልኋቸው። «ቤቱ ከመንገድ የማይታይ ከሆነ በቂ ነው» አሉኝ። ይህን መለኪያ በምን መዝገብ ላይ እንደምንጽፈው አላውቅም፤ ነገር ግን ከብዙ መለኪያ ይሻላል።

እንሰት ግን ብቻውን አይቆምም፤ ፍግ ይፈልጋል፥ ፍግም ከብት ይፈልጋል። ስለዚህ በደጋው ላይ ላም የምትጠበቀው ስለ ወተቷ ብቻ አይደለም። ብዙ ከብት ያለው ሰው ሁሉን በአንድ በረት አያስርም፤ ለዘመድና ለጎረቤት፥ አንዳንድ ጊዜም ራቅ ላለ ወዳጅ ለርቢ ይሰጣል። ተቀባዩ ወተቱንና ፍጉን ያገኛል፥ ከሚወለደውም እንደ ውላቸው ይካፈላል፤ ሰጪውም በሽታ ቢገባ ሁሉን ባንድ ቀን ከማጣት ይድናል። ግብር ቆጣሪም ሁሉን ባንድ በረት አያገኘውም፤ ይህን ግን በሹክሹክታ ካልሆነ የሚናገር የለም። ወረቀት ሳይጻፍ፥ ማኅተም ሳያርፍ ይህን ያህል ሀብት ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። በችሎት ጽሕፈት ለኖረ ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውል ወደ ክርክር የሚመጣው ጥቂቱ መሆኑ ያስደንቀዋል። አብዛኛው በሽማግሌ ያልቃል።

የአውሮፓ ቤተ ሰብ ከፍተኛው ሀብት ብዙውን ጊዜ ቤቱ ነው። የዶርዜ ቤት ግን ሌላ ነገር ነው። ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጠልፎ፥ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ እንደ ንብ ቀፎ ከፍ ብሎ ይቆማል። ምስጥ ሥሩን ሲበላው የተበላው ይቈረጥና ቤቱ ጥቂት ያጥራል፤ እንዲህ እያጠረ ብዙ ዓሠርት ዓመት ይኖራል። ሲያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው ከነቁመናው ተሸክመው ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውሩታል። በትከሻ የሚሄድ ቤት ለባንክ መያዣ አይመችም፤ ይሁን እንጂ ባለቤቱን በዕዳ ከቤቱ የሚያስወጣው የለም።

ከዚህም በቀር ሀብት የሚቀመጥበት ሌላ ስፍራ አለ፤ እርሱም የሰው ልብ ነው። በጋሞ አገር ደሬ የሚባሉት ቀድሞ ራሳቸውን የቻሉ ብዙ አገሮች ነበሩ፤ በነዚህም ሀላቃ የሚባል ማዕረግ አለ። ሥርዓቱ ከደሬ ደሬ ይለያያል። ባጭሩ ግን ማዕረጉን የሚቀበለው ሰው ለአገሩ ሕዝብ ግብር ያበላል፥ ለዚህም ለብዙ ዘመን ያጠራቀመውን እህል፥ ቅቤና ከብት ያወጣል፤ በምትኩም በዱቡሻ፥ ማለት በሸንጎው ስፍራ፥ ክብርና ተሰሚነት ያገኛል። ከውጭ የመጡ ሰዎች፥ ካገራችንም ሹማምንት አንዳንዶቹ፥ ይህን የገንዘብ ማጥፋት ብለውታል። እኔ እንዲህ ለማለት አልቸኩልም። የበላው ሕዝብ የበላበትን አይረሳም፤ በሬ የሞተበት፥ ቤቱ የተቃጠለበት ቀድሞ ያበላ ሰው ከሆነ ደቦ የሚወጣለት ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ያለውን ሁሉ ካወጣ በኋላ ለቀረው ደግሞ ተበድሮ የሚደግስ ሰው ልጆቹን ለሌላ ሰው ክብር ከፋይ አድርጓቸዋልና ይህን አላመሰግንም። አሁን ሃይማኖታቸው ከዚህ ሥርዓት የለያቸው ብዙ ቤተ ሰቦች ስላሉ፥ ድግሱ በብዙ ስፍራ ቀንሷል። ለድግስ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ወደ ቆርቆሮ ጣራና ወደ ልጆች ትምህርት ሲሄድ ይታያል።

አሁን ወደ ሸማው እንምጣ። በደጋው ጥጥ አይበቅልም፤ ከቆላ ይመጣል። ሴቲቱ ትፈትላለች፥ ወንዱ ይሸምናል፤ ቡሉኮውና ጋቢው በዶርዜ ሰኞና ሐሙስ፥ በጨንቻ ማክሰኞና ቅዳሜ በሚውለው ገበያ ይሸጣል። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ሸማኔዎቹ ወደ አዲስ አበባ እየወጡ በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ተቀመጡ። ሽሮ ሜዳ ሄዶ ጥበብ የገዛች እመቤት ሁሉ፥ ብታውቅም ባታውቅም፥ ለጋሞ ቤተ ሰብ ኑሮ አዋጥታለች። ሸማኔው በከተማ ሲሠራ እናቱ በደጋ እንሰቷን ትጠብቃለች፤ ታናሽ ወንድሙ ደግሞ በቆላ ሙዝ ይተክል ይሆናል። ስለዚህ አንዱን ቤት ብቻ አይቶ ድኻ ነው ወይም ባለጸጋ ነው የሚል ሰው ከመጽሐፉ አንዱን ገጽ ብቻ አንብቧል።

የሸማኔው ችግር ድርና ማግ መግዣው ነው። ክሩን ከነጋዴ በዱቤ የወሰደ ሸማኔ ሸማውን ለዚያው ነጋዴ በነጋዴው ዋጋ ይሰጣል። ወለዱ በማናቸውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም፤ በሸማው ዋጋ ውስጥ ተሸምኖ ገብቷል። ከዚህ የሚያድነው ዕቁብ ነው። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ጥሎ ዕጣው ሲደርሰው የብዙ ወር ክር ባንድ ጊዜ ይገዛል። ለመስቀልም እንዲሁ ነው። መስቀል ለጋሞ ከበዓላት ሁሉ የሚበልጥ ስለሆነ፥ ካዲስ አበባም ቢሆን ወደ አገር መመለስ ግድ ነው፤ ብዙዎችም ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ አጠራቅመው በሬ በኅብረት ገዝተው ይካፈላሉ። በመስከረም የበሬ ዋጋ ስንት እንደ ደረሰ የሚሰማ የከተማ ሰው ይህን ብክነት ይለዋል፤ ያ ገንዘብ ግን በመዋጮ ካልታሰረ በየካቲት ያልቅ ነበር።

ነገር ግን ስለዚሁ ሸማ አንድ የሚያሳዝን ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። ደላላ ወደ ደጋው መንደር ይመጣና፥ ልጃችሁን ሙያ አስተምራለሁ፥ ትምህርት ቤትም አስገባለሁ ብሎ ለወላጆች ጥቂት ብር ይሰጣል፤ ልጁም አዲስ አበባ ሄዶ ሌሊትና ቀን በሸማ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ይውላል። ሕግ ይህን ይከለክላል፤ ድርጊቱ ግን ብዙ ጊዜ ተገኝቷል። መሬታቸው የጠበበና እንሰታቸው ያለቀ ቤተ ሰቦች፥ የሚያስይዙት ሌላ ሀብት ሲያጡ፥ ልጃቸውን ያስያዙ ያህል ሆነዋል። ባንክ ያልደረሰበትን ቤት ማን እንደሚደርስበት ለማወቅ የፈለገ ይህን ይመልከት።

በቆላው በኩል፥ በላንቴና በጫኖ፥ ኑሮው ሌላ ነው። ከደጋው ወርደው ወንዙን ወደ እርሻ የሳቡ ገበሬዎች አገሩን ሙዝ በሙዝ አድርገውታል፤ አዲስ አበባ ከምትበላው ሙዝ ብዙው ከዚህ የሚጫን ነው። ሙዝ ዓመቱን በሙሉ ስለሚቈረጥ ገንዘብ ቶሎ ቶሎ ይገባል። ነገር ግን የደጋው ሀብት ቆሞ ሲጠብቅ የቆላው ሀብት ይጣደፋል፤ የተቈረጠ ሙዝ ሰንብቶ አያድርምና የጫኙ መኪና ሲቆም ዋጋውን የሚቈርጠው ደላላው ነው። ስለዚህ የቆላው ቤተ ሰብ ብር አለው፥ ጎተራ ግን የለውም። ሀብቱን በዕቁብ፥ በባንክ ደብተር፥ በሞተር ብስክሌትና በከተማ ቤት ላይ ያደርገዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተፈቀደ ጊዜ፥ የብር ዋጋ በጥቂት ወር ውስጥ ከዶላር ጋራ ሲተያይ ከእኩሌታ በታች ወረደ። ያን ጊዜ በደብተር የተቀመጠ ብር የነበረው ቤተ ሰብ ተጐዳ፤ በደጋው ጓሮ የቆመው እንሰት ግን ምንዛሪ አያውቅም። የጀርመን ሕዝብም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1923 ማርኩ ዋጋ ባጣ ጊዜ ያጠራቀመውን ሁሉ አጥቶ ነበር። ይህም ሆኖ ዛሬ ከአውሮፓ ሕዝብ በባንክ ማስቀመጥን ከሚወዱት አንዱ እርሱ መሆኑ እኔን ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ዕቁባችንን ካነሣን፥ በአውሮፓም ከቤት ብድር መንገዶች አንዱ ዕቁብን ከሚመስል ማኅበር የተወለደ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1775 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ሪቻርድ ኬትሊ የሚባል የመጠጥ ቤት ባለቤት ከደንበኞቹ ጋራ ማኅበር አቆመ። ማኅበርተኞቹ በየጊዜው ገንዘብ ይጥላሉ፤ በተጠራቀመው ለአባላቱ በተራ ቤት ይሠራል፤ ሁሉም ቤት ባገኘ ጊዜ ማኅበሩ ይፈርሳል። ይህ ከዕቁብ በምን ይለያል? የጀርመንም ሰዎች ከ1920ዎቹ ጀምሮ ለቤት መሥሪያ በኅብረት እየቈጠቡ በተራ የሚበደሩበት ማኅበር አላቸው። ስለ ገበሬዎችም የሆነ እንደ ሆነ፥ ፍሪድሪክ ራይፋይዘን በ1864 ሄደስዶርፍ በሚባለው ስፍራ ያቆመው የብድር ማኅበር፥ አባላቱ ሁሉ እርስ በርሳቸው ዋስ የሆኑበት ነበር። ባገራችን ያሉት የቁጠባና የብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ከዚህ ሐሳብ ጋራ ዘመዳሞች ናቸው።

እንግዲህ የእንግሊዙ ዕቁብ ታላቅ ባንክ ሲሆን የእኛ ዕቁብ ዕቁብ ሆኖ የቀረው ስለ ምንድር ነው? እንግሊዛዊው ከሸማኔያችን ይልቅ ብልህ ስለሆነ አይደለም። ከኋላው መሬትን የሚያስይዝ፥ የሚያስመዘግብና የሚያሸጥ ሕግ ነበረው። በዴንማርክም ኮፐንሃገን በ1795 ከተቃጠለች በኋላ፥ ከተማውን እንደ ገና ለመሥራት በ1797 በቤትና በመሬት መያዣ የሚያበድር ማኅበር ቆመ፤ የዛሬው የዴንማርክ ልማድ ከዚያ እሳት የመጣ ነው። በሮማንያ ደግሞ የኮሙኒስቱ መንግሥት በ1989 ሲወድቅ ቤቶቹ ለተከራዮቹ በርካሽ ተሸጡ፤ ሕዝቡም ባንድ ጊዜ ባለቤት ሆነ። ባገራችን የየካቲት 1967 ዓ.ም አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገው፤ የ1987ቱም ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም፥ አይለወጥም ብሎ አጸናው። ስለዚህ የጋሞ ገበሬ በመሬቱ ላይ ያለውን እንጂ መሬቱን የሚያስይዝበት መንገድ አልነበረውም።

አሁን ግን መንገዱ እየተከፈተ ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ከብትና ሌላ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቀደ። በ2016 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ባለይዞታው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቅዶለታል። ይህ መልካም ነው፤ ክሩን በዱቤ ለሚወስደው ሸማኔና ሙዙን በደላላ ዋጋ ለሚሸጠው ገበሬ ሌላ በር ይከፍታል። ነገር ግን የእስፓኝ አገር ሰዎች በ2008 ከመጣው የገንዘብ ችግር በኋላ ብድሩን መክፈል ስላልቻሉ እጅግ ብዙዎቹ ከቤታቸው መውጣታቸውን አንርሳ። በደጋው ላይ የሚያዘው መሬት ባዶ እርሻ አይደለም። የእመቤቲቱ ጉድጓድ፥ የሰባት ዓመት እንሰት፥ የአራስ ምግብና የክረምት ስንቅ ያለበት ጓሮ ነው። በይዞታው ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጐን ለጐን የተደረገው በከንቱ አይደለምና፥ የብድሩን ወረቀት የሚያዘጋጅ ጸሐፊ ባልየው ብቻውን ሲመጣ፥ ሚስቱን ጠርተህ ተመለስ ቢለው ደንብ አክብሯል። የብድሩም ዘመን በሙዝ አቆጣጠር ሳይሆን በእንሰት አቆጣጠር ቢወሰን፥ ማለት የመክፈያው ጊዜ ቢረዝም፥ የተሻለ ነው። ከተቻለም ከቤቱ አጠገብ ያለው የእንሰት ጓሮ ከመያዣው ተለይቶ ቢቀር እወዳለሁ።

ይህን የምለው እንሰት ራሱ የሚታመም ሀብት ስለሆነ ነው። አጠውልግ የሚባለው በሽታ ወደ ጓሮ ሲገባ መካከለኛው ቅጠል ይጠወልጋል፥ ግንዱም ሲቈረጥ ብጫ ፈሳሽ ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ የብዙ ዓመት ጥሪት ባጭር ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። መድኃኒት የለውም። የሚተላለፍበት ዋናው መንገድ የታመመውን የቈረጠ ቢላዋ ነው፤ ስለዚህ ጠንቃቃ እመቤት የጎረቤት ቢላዋ ስትዋስ በእሳት አግላ እንጂ እንዲሁ አትጠቀምበትም። የታመመው ተክል ከነሥሩ ተነቅሎ ርቆ ይቀበራል፥ ከብትም እንዳይበላው ይጠበቃል፤ በዚያም ስፍራ ለጊዜው እንሰት አይተከልበትም፥ በምትኩ ድንች ወይም ጎመን ይዘራበታል።